ሰማንያ ዓመት ያደረ መርዶ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ አፓርትመንት ሲቀይር ዕቃ ላግዘው ሄጄ፣ የአሮጌ ኮመዲኖ መሳቢያ ሳብ ሳደርግ ሽታው ፊቴን መታው። የደረቀ እንጨት፣ የናፍታሊንና የአሮጊት ሳሙና ሽታ። ወዳጄ «ተወው፣ ይሄ የሚጣል ነው» አለኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ደግሜ አሸተትኩት። በዚህ ዕድሜዬም ቢሆን አሮጌ ዕቃ ዋጋውን ሳልገምት ማለፍ አልችልም። ያን ቀን ግን ዋጋው አልመጣልኝም፤ ሚስ ዶሮቲ መጡብኝ። እሳቸውን ተከትላ ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ የነበረችኝ ሱቅ መጣች፤ ሱቋን ተከትሎ ደግሞ ዘመኑ በሙሉ፣ ገመዱ እንደተቆረጠ የሰልባጅ ቦንዳ፣ ተዘረገፈ።

ሱቋ ጠባብ ነበረች። በአንድ ጎኗ የጃማይካ ሰዎች ፀጉር ቤት፣ በሌላው ፓቲ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ ቂጣ የሚጋግር ዳቦ ቤት ነበር። ፀጉር ቤቱ በር ላይ የቆመው ስፒከር ቅዳሜ ቅዳሜ ሬጌውን ሲለቀው መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይነካኩ ነበር፤ ደንበኛ ግን አይሸሽም፣ እንዲያውም እየተወዛወዘ ገብቶ ሳያስበው አንድ ነገር ይገዛል። ትኩስ ፓቲ በዶላር ነበር። እኔ ደግሞ በአርባ ዶላር ሰው የሚቀመጥበት ሶፋ፣ በአሥራ አምስት ዶላር የሟች ሙሉ ልብስ እሸጥ ነበር። ያኔ የወንድ ኮት ትከሻው ሰፊ ነው፤ ቀጭን ሰው ሲለብሰው ከነመስቀያው የሸጡለት ይመስላል። አዲስ አበባ የሚደወለው በካርድ ነበር፤ የእኛ ሰላምታ ረጅም ስለሆነ ዘመድ አዝማዱን ጠይቀን ሳንጨርስ ካርዱ ያልቃል፣ ዋናው ጉዳይ ለሚቀጥለው ካርድ ያድራል። ዛሬ መንገዱን ለባቡር ብለው ስንት ዓመት ሲቆፍሩት ሱቁም ፀጉር ቤቱም ሄደዋል፤ እኔም ፍሌሚንግደን ፓርክ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ አውቶቡስ ለምን እንደሚዘገይ እመራመራለሁ።

ሙያውን የተማርኩት ምናለሽ ተራ ነው። ከትምህርት ቤት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፣ በስምምነት። ከዚያ «ቆራሌው» እያልኩ ሰፈር ለሰፈር ስዞር አደግሁ። እዚህ አገር ስመጣ የገረመኝ፣ ሰዉ ራሱ ዕቃውን ሣር ላይ አውጥቶ፣ ዋጋ ለጥፎበት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቆራሌውን የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ጋራዥ ሴል ይሉታል። የመጀመሪያውን ቀን ሳይ ሰዎቹ ከቤት የተባረሩ መስሎኝ አዝኜ ነበር። በኋላ ግን አሮጌ ቫን ገዝቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ሣር የሚረግጥ አልነበረም።

ሚስ ዶሮቲ ከሱቄ ጀርባ ባለው መንገድ፣ ቀይ የጡብ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ነበሩ። አላገቡም። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ልጆች በማስተማር ነው፤ ስለዚህ እንግሊዝኛዬን ሲያርሙ ፈቃድ አይጠይቁም። መጀመሪያ የመጡት አንድ መስተዋት ሊሸጡልኝ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የጠረጴዛ መብራት አመጡ፣ ከዚያ ትርፍ የሻይ ማንቆርቆሪያ። አመጣጣቸው ሲደጋገም ነገሩ ገባኝ። የእህታቸው ልጅ፣ ራሱ ስድሳ የሞላው ሰው፣ ኖርዝ ዮርክ ካለ የአረጋውያን ቤት ቦታ ይዞላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ መሄድ አይፈልጉም። በዚያ ዓመት ብቻ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ሁለተኛውን ጊዜ ከምድር ቤት ደረጃ ሥር አንድ ቀን ሙሉ ተኝተው የተገኙት ፖስተኛው ጩኸታቸውን ሰምቶ ነው። የእህታቸው ልጅ በደወለ ቁጥር «እየተዘጋጀሁ ነው፣ ዛሬም ዕቃ ሸጫለሁ» ይሉታል። እኔ የመዘግየታቸው ማስረጃ ሆንኩ ማለት ነው። ብልጠታቸውን ወደድኩት፤ እንደሚወድቁ ግን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሦስተኛው መውደቅ የመጨረሻው እንደሚሆንም ጭምር።

አንድ ቀን ደፍሬ ለምን አይሄዱም አልኳቸው።

«ዊሊ የሚያውቀው አድራሻ ይሄ ብቻ ነው» አሉኝ።

ዊሊ ድመት መሰለኝ፤ ፈረንጅ ለድመቱም የሰው ስም ያወጣል። «መቼ ነው የጠፋው?» ስላቸው፣ «በጦርነቱ» አሉ። «በየትኛው ጦርነት?» አልኩ፤ እኔ ከመጣሁበት አገር ይሄ ጥያቄ ግዴታ ነው። በፊተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ዊሊ ታላቅ ወንድማቸው ነው። እሳቸው ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስ ዶሮቲ ሱቄ ውስጥ የራሳቸው ወንበር ነበራቸው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ እኔ ግን ሲያናግሩኝ በልቤ እንደ ልጃቸው አድርጌ ነበር የምሰማቸው። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ የነጋዴ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ዳቦ ስንት ነበር? ቦት ጫማስ? ወታደር በቀን ስንት ያገኝ ነበር? «አንድ ዶላር ከአሥር ሳንቲም» አሉኝ፤ ዊሊ ለብረታ ብረት ሱቅ ዕቃ ሲያደርስ ከሚያገኘው ይሻላል፣ በዚያ ላይ ጫማው አዲስ ነው። አገሩ ራሱ ያኔ ልጅ ነበር አሉ። «አያቴ በዕድሜ ከዚህ አገር ትበልጥ ነበር» ብለው ሳቁ። ባሕር ማዶ ያለው ንጉሥ ጦርነት ገባሁ ሲል፣ ልጁ አገር ሳይጠየቅ አብሮ ገባ። ዊሊ ከመንገዱ ልጆች ከሦስቱ ጋር አንድ ቀን ተመዘገበ። ለቀጣሪው «ቦታዬን እስከ ፋሲካ ያዝልኝ» ብሎት ነበር። ፈረንሳይ የት እንደሆነች ከካርታ ላይ ያሳየችው ትንሿ ዶሮቲ ናት፤ በጣቱ ለክቶ «ያን ያህል አይርቅም» አላት።

እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ እዚህ የቀረው ሰው ነገር ነው። የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ የጀርመን ስም ነበረው፤ መስኮቱን ሰበሩበት። በሳምንቱ ታፔላውን አስነቅሎ የእንግሊዝ ስም አጻፈ። ያው ሥጋ፣ ያው ሚዛን፣ ያው ሰውዬ፤ ሰዎቹ ግን ረክተው ተመለሱ። እኔም ሱቄን ስከፍት ታፔላው ላይ የራሴን ስም ሳልጽፍ የቀረሁበት ምክንያት ነበረኝና ሥጋ ሻጩ ሳላውቀው ዘመዴ ሆነ። ስትሪትካር በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ደግሞ የተከበሩ ወይዛዝርት የወታደር ልብስ ባልለበሰ ወንድ ኮት ላይ ነጭ ላባ ይሰኩ ነበር፤ ፈሪ ነህ ማለት ነው። ዓይኑ በደንብ የማያይ የሒሳብ አስተማሪያቸው አንድ ቀን ተሰክቶበት፣ ምን እንደሆነ ስላላየው ሽልማት መስሎት ከነላባው ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ዋለ። አንድም ተማሪ አልሳቀም። ታላቅ እህታቸው የመድፍ ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ ገብታ ከአባቷ የበለጠ ደመወዝ ይዛ መጣች፤ አባቷ ለሁለት ወር አላናገሯትም፣ የገዛችውን ከሰል ግን እየሞቁ። ይህን ሲነግሩኝ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። የእኔም አባት እንደዚያው ያደርጉ ነበር።

እሳቸውም በተራቸው ጠየቁኝ፤ ያንተ አገርስ ጦርነት አይቷል? አሉኝ። እናንተ ሁለተኛውን ጦርነት ከመጀመራችሁ ከዓመታት በፊት እኛ ቤት ገብቶ ተቀምጦ ነበር አልኳቸው። በጣልያን ጊዜ አባቴ አንድ የአህያ ጭነት ጨው ደብቀው ለሰፈራቸው ሰው እንደሸጡት፣ ሞቱ እስኪባሉ ድረስ ዱር እንደከረሙ ነገርኳቸው። «ታዲያ ሞቱ ሲባል እናትህ አለቀሰች?» አሉኝ። አለቀሱ፣ ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አብሮ አለቀሰ፣ በኋላ አባቴ በእግራቸው ሲመጡ ለቀስተኛው እንደገና ተሰብስቦ በላ አልኳቸው። ሚስ ዶሮቲ ይሄንን ሲሰሙ ጓንታቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። የእኔ አባት የተመለሰ ሰው ነው፤ ሳላስበው ቁስል ነክቻለሁ።

የዊሊ ነገር እንዲህ ነበር። በዚያ ዘመን ቴሌግራም የሚያደርሰው ሰው በብስክሌት ወደ መንገዱ ሲገባ ሴቶቹ ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው የትኛው በር ላይ እንደሚቆም ያያሉ። እነሱ በር ላይ ቆመ። ወረቀቱን ሰጠ፣ አስፈረመ፣ ሄደ። ወረቀቱ «ጠፍቷል» ይላል። ከወራት በኋላ ሌላ መጣ፤ «ሞቷል ተብሎ ይገመታል» ይላል። ይገመታል! እኔ የስንት ሰው ዕቃ ገምቻለሁ፤ ሰው ግን ገምቼ አላውቅም። እናትየው ጥቁር አልለበሱም፤ አንድም ቀን ቤታቸው ውስጥ ስለ ሞት አልተወራም። መቃብር የለም፤ ስሙ ባሕር ማዶ ድንጋይ ላይ ከብዙ ሺህ ስሞች ጋር ተቀርጿል ይባላል። በየዓመቱ በኅዳር፣ የጦርነቱ ሙታን በሚታሰቡበት ቀን፣ ሚስ ዶሮቲ ቀይዋን የወረቀት አበባ ኮታቸው ላይ ሰክተው፣ እንደ አገሩ ሰው ሁለት ደቂቃ በሰዓት ተለክቶ ዝም ይላሉ። እኔ ይሄንን ሳይ ሁልጊዜ እገረም ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ለእኛ ለአንዷ አስለቃሽ ጉሮሮ መጥረጊያ እንኳን አይበቃትም።

በዚያው ኅዳር ኮመዲኖውን ሸጡልኝ። ባለ አራት መሳቢያ፣ ከባድ የዋልነት እንጨት፣ የእናታቸው ነበር። ሱቅ አድርሼው የመጀመሪያ ሥራዬን ሠራሁ፤ መሳቢያው ላይ የተነጠፈውን ገለጥኩ። ምናለሽ ተራ ያስተማረኝ ነው፤ አሮጊት ገንዘቧን የምታስቀምጠው ባንክ ሳይሆን ከንጣፉ ሥር ነው። ቢጫ አበባ ያለበት፣ ጀርባው የሚጣበቅ ፕላስቲክ ነበር። የመጨረሻው መሳቢያ ላይ ስደርስ ፖስታ አገኘሁ። ገንዘብ አልነበረበትም። ሁለት ገጽ በእርሳስ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ የተያያዘ ጽሕፈት ማንበብ አልችልም፣ አንድ ቃል ግን ለየሁ። ዊሊ የሚል።

ጓደኛዬን ግርማን ጠራሁት። ግርማ አገር ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ የነበረ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዳ፣ ተሳፋሪ ሰዋስው ሲያበላሽ በመስተዋቱ የሚገላምጥ ሰው ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። ደብዳቤው ለእናትየው ነው። የጻፈው የዊሊ ጓደኛ የሆነ ወታደር ነው። ሲሞት አብሬው ነበርኩ፣ በእጄ ቀበርኩት ይላል። እናትየው አንብበውታል ማለት ነው። አንብበው፣ ለትንሿ ልጃቸው ሳይነግሩ፣ ሸሽገውት ሞተዋል።

ግርማ «ጭካኔ ነው» አለ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ማናችንም ይገባን ነበር፣ ትንሽ ብናስብ። እኛ ሰው ሲሞትበት ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ፈተናዋን እስክትጨርስ፣ አራስነቷ እስኪወጣላት እያልን የምንደብቅ ሕዝብ ነን። ቶሮንቶ ውስጥ አባቱ ከሞተ ሰባት ወር የሆነው፣ እኛ ሁላችን እያወቅን፣ እሱ ብቻ በየሳምንቱ ለአባቱ መድኃኒት የሚልክ ሰው ነበር። ሚስ ዶሮቲ ያኔ ልጅ ናቸው፤ እናትየው ጠንከር እስክትል ብለው ቀን ጠበቁ። ቀኑ አልመጣም። ነገሩ ጭካኔ አይደለም፤ ያደረ መርዶ ነው።

መርዶ ከሆነ ደግሞ ባለቤት አለው። ያኔ በእኛ ሰዎች መሀል መርዶ ያለ እትዬ ዘነበች አይነገርም ነበር። እትዬ ዘነበች ከመጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ሆቴል ወጥ ቤት ሰሃን የሚያጥበው ማሽን ሥር ቆመው ሳለ፣ በስልክ ነው የወንድማቸውን ሞት የሰሙት፤ ሺፍታቸው እስኪያልቅ አራት ሰዓት ሰሃን እየደረደሩ ብቻቸውን አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው እንደዚያ እንዳይሰማ ብለው ነገሩን በእጃቸው አስገቡት። ማን እንደሚሄድ፣ ማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚናገር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ሄደን ስንነግራቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡን።

ግርማ ነገሩ እንዲቀልለት ፈለገ። «ሴትየዋ ፈረንጅ ናቸው፣ እትዬ ዘነበች። ተካ ደብዳቤውን ፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ቢከትላቸው ይበቃል» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«ምን ይከትላቸዋል? የመብራት ሒሳብ ነው?»

«ሰማንያ ዓመት ሊሆነው ነው እኮ።»

«ማንም ካልነገራቸው ዛሬ ነው የሞተባቸው» አሉ እትዬ ዘነበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ስለ ሚስ ዶሮቲ ልብ ጠየቁኝ፤ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ፣ ለብቻቸው ነው ወይ የሚያድሩት። እኔም የፈራሁት እሱን ነበር። ባንነግራቸው ዊሊን እየጠበቁ ደረጃው ላይ ይሞታሉ፤ ብንነግራቸው ደግሞ እዚያው እፊታችን ልባቸው ሊቆም ይችላል። እትዬ ዘነበች ትንሽ አሰቡና ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ሰው ሳይገባባቸው አሉ። አለቀ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ሦስታችን በግርማ ታክሲ ሄድን። እኔ ከሱቄ ጥቁር ሙሉ ልብስ መርጬ ለብሻለሁ፤ የማን ሟች እንደነበረ አላስታውስም። እትዬ ዘነበች በወፍራሙ የክረምት ካፖርት ላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደርበው፣ ሐዘንተኛ እሳት አያነድምና ዳቦና በቴርሞስ ሾርባ ይዘዋል። መንገዱ ላይ አንድ ሰው ውሻውን ሲያናፍስ እኛን አየና ውሻውን ይዞ ተሻገረ። ደወሉን ደወልኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሚስ ዶሮቲ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ጋውን ደርበው ከፈቱ። እኔን አዩ፣ ግርማን አዩ፣ ከዚያ እትዬ ዘነበችን አዩ። እትዬ ዘነበች ደግሞ ገና ደረጃው ላይ ሳሉ ማልቀስ ጀምረዋል፤ አስበውበት አይደለም፣ ሰው ፊት ሲደርሱ እንባቸው ሥራውን ያውቃል።

ይሄኔ እኛ ሦስታችን ያላሰብነው ነገር ሆነ። ሚስ ዶሮቲ እጃቸውን ዘርግተው እትዬ ዘነበችን ሳቡና አቀፏቸው። ሰው የሞተብን እኛ መስለናቸዋል። ሰው የሞተባቸው ስደተኞች፣ ዘመድ በሌላቸው አገር፣ የሚሄዱበት አጥተው በማለዳ ወደ እኔ መጡ ብለው አሰቡ። ሳሎን አስገብተው ምቹው ወንበር ላይ እትዬ ዘነበችን አስቀመጡ፤ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣሉላቸው፤ እኔን «አንተም ተቀመጥ፣ ልጄ» ብለው ውኃ ሊጥዱ ሄዱ። እትዬ ዘነበች እንግሊዝኛ አይሰሙም። እንባቸውን እየጠረጉ «ምን እየሆነ ነው?» አሉ።

ግርማ «እያጽናኑን ነው» አለ በሹክሹክታ።

«እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

«እንዴት ብዬ ልጀምር?»

ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረ ሰው! ሻዩ መጣ። ግርማ ስለ አየሩ ተናገረ፤ ብርዱ ዘንድሮ ቀደም ብሏል አለ። ሚስ ዶሮቲ እውነትህን ነው አሉ፣ ወተት ጨመሩለት። ሰው ለማርዳት ሄደን ሁለት ሁለት ስኒ ጠጣን። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ ያበላሸሁበት ቀን የለም፤ ሰዓቱን ይዘናል፣ ልብሱን ይዘናል፣ ሽማግሌ ይዘናል፣ የጎደለን የሚናገር አፍ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሚስ ዶሮቲ ራሳቸው የእትዬ ዘነበችን እጅ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሞተው ማነው?» አሉኝ።

«ዊሊ ነው» አልኳቸው።

ሚስ ዶሮቲ በሌላ እጃቸው የያዙትን የሻይ ማንቆርቆሪያ ቀስ አድርገው አስቀመጡና ክዳኑን አስተካከሉ። ግርማ ደብዳቤውን አወጣ። ሚስ ዶሮቲ ወረቀቱን አዩት፣ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። «አንተ አንብብልኝ» አሉት፣ እንደ ተማሪያቸው።

ግርማ ቆሞ አነበበ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ዊሊ አንዲት ፈረንሳዊት ገበሬ ጋር እንቁላል ሊገዛ ሄዶ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ በእጅ ምልክት ብቻ ግማሽ ሰዓት ሲከራከሩ ወታደሩ ሁሉ ከቦ ይስቅ እንደነበር፣ በመጨረሻ የእጅ ሰዓቱን ሰጥቶ አሥራ ሁለት እንቁላል ይዞ እንደመጣ፣ ለሁሉም እንዳካፈለ ይላል። በማግስቱ ጠዋት ነው የተመታው። ረጅም ጊዜ አልቆየም። ከሴትየዋ ጎተራ ግድግዳ አጠገብ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ቀብሬዋለሁ፣ ከሣጥን እንጨት መስቀል ሠርቼለታለሁ፣ ሴትየዋም ወጥታ ቆማ ነበር ይላል። ሰዓት በደርዘን እንቁላል፤ እንደ ነጋዴ ካየሁት ተበልቷል። ያን ጠዋት ግን ከዚያ የተሻለ ግብይት አላውቅም አልኩ በልቤ።

ግርማ ሲጨርስ እትዬ ዘነበች ቀረብ ብለው የሚስ ዶሮቲን ትከሻ ያዙ፤ ይሄኛውን ሥራቸውን ቋንቋ አያስቸግረውም። እኔ ፊታቸውን አያለሁ፣ ልባቸውን እፈራለሁ። ሚስ ዶሮቲ ግን ወደ እኔ ዞሩና፣ «ያንን ባለ አበባ ፕላስቲክ መሳቢያው ላይ ማን ያነጠፈው ይመስልሃል?» አሉኝ።

ምናለሽ ተራ ያሳደገው ሰው አፈረ። እናታቸው ከሁለተኛው ጦርነት በፊት ነው የሞቱት፤ ያ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ደግሞ ያኔ አልተሠራም ነበር። የመቶ ዓመት ወንበር በእግሩ የምለይ ሰው፣ ንጣፉ ከደብዳቤው በዕድሜ በብዙ እንደሚያንስ ሳላይ ቀረሁ። ሚስ ዶሮቲ እናታቸው ሲሞቱ በጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ደብዳቤውን አግኝተው፣ አንብበው፣ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጠው፣ ኋላ ፕላስቲኩን አንጥፈውበታል። ስልሳ ዓመት ያህል ያውቁ ነበር። ደብዳቤውን ኮመዲኖው ውስጥ ረስተውት ይሁን አውቀው ትተውት ይሁን አልጠየቅኋቸውም። ነጋዴ ነኝ፣ ሁሉን እጠይቃለሁ፤ ያንን ግን ዛሬም ድረስ ባለማወቄ ደህና ነኝ።

«ታዲያ ካወቁ ለምን ይጠብቁት ነበር?» አልኳቸው።

እሳቸው ስለ ቴሌግራም አድራሹ አነሱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከብስክሌቱ አልወረደም፣ አንድ እግሩን አጥሩ ላይ አድርጎ ነው ያስፈረመን አሉ። ከጎረቤት ማንም አልገባም፤ በዚያ ዘመን ሰው ሰውን ላለማስቸገር ብሎ መጋረጃውን ይዘጋል። ቄሱም ያጽናኑን በደብዳቤ ነው። እናቴ ለእኔ አልነገረችኝም፣ እኔም ማወቄን ለማንም አልተናገርኩም አሉ።

«ወረቀቱን ሁሉ አንብቤዋለሁ» አሉኝ። «ሊነግረኝ የመጣ ሰው ግን አልነበረም።»

እትዬ ዘነበች «ምን አሉ?» ብለው ግርማን ጎተቱት። ግርማ ሲተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የሚያውቁትን ነገር እንደሰሙ ሁሉ፤ ያቺ ሰሃን ማጠቢያ ፊት የቆመች ሴት ውስጣቸው አለች። «በላቸው» አሉት፣ «እኛ መጥተናል፣ አሁን ያልቅሱ።» ግርማ ይሄንን በምን እንግሊዝኛ እንዳለው አላስታውስም። ሚስ ዶሮቲ መጀመሪያ መሐረባቸውን ፈለጉ፣ እጅጌያቸው ውስጥ ነበር፤ ከዚያ እትዬ ዘነበች ደረት ላይ ተደግፈው አለቀሱ። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያናውጥ ልቅሶ ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ ሆነ። ውጭው ነጋ፣ የቆሻሻ መኪና አለፈ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እኔና ግርማ እንደ ወጉ አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን።

ሲረጋጉ እትዬ ዘነበች ሾርባውን ቀዱላቸው፤ ሚስ ዶሮቲም የገዛ ቤታቸው ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀብለው ጠጡ። ከዚያ እትዬ ዘነበች ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውን አወለቁና ሶፋው ጥግ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። ሚስ ዶሮቲ ይሄንን አይተው ግርማን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁት። ግርማ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፣ የእኛ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን እየተፈራረቁ ይመጣሉ፣ ምግብም ይዘው ነው፣ እርስዎ የሚሠሩት ነገር የለም አላቸው።

«ስንት ቀን ነው የምትቀመጡት?»

«ሦስት ቀን።»

ሚስ ዶሮቲ መሐረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በከንፈራቸው ብቻ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያው ለእህቴ ልጅ ደውልለት» አሉኝ። «ማክሰኞ መጥቶ ይውሰደኝ።»